ታክሲዎቹ የሚመለሱበት ኩርባ

ጉለሌ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ጀቤሳ ጉታ
ናይሮቢ

ነገሩ የተበላሸው ሐሙስ ዕለት፣ የስብሰባ አዳራሹ መጋረጃ ተዘግቶ ስሜ ከነአባቴ ግድግዳው ላይ በበራበት ቅጽበት ነው። ሰላምታዬን ወደ ታች አውርጄዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። እናቴ ብታይ ትቆጣኛለች። ዛሬ ግን እጄ ሰላምታ ለመጻፍ እምቢ አለኝ።

ሥራ አስኪያጃችን ይርጋለም ቆሞ የመንገዱን ጥናት ያስረዳ ነበር። ከፊት መንገዱን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሙኒያ የምትባል መሐንዲስ ብቻ ማስታወሻ ትይዛለች፤ ሌሎቹ ስልካቸውን ያያሉ። ከኋላ የነዋሪው ተወካዮች አሉ፤ ከእነሱም አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ቦጋለ ናቸው። ምስሉ ሲቀየር ከሸጎሌ ወደ ሰፈራችን የሚወጣው መንገድ ከታች እስከ ላይ ቀይ ተቀብቶ መጣ። ቀይ ማለት በመኪና ብዛት የታነቀ ማለት ነው። ከሥሩ "የቆጠራው ኃላፊ" ይላል፤ ከዚያ የእኔ ስም። ይርጋለም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ መንገዱ በሙሉ ርዝመቱ እንደሚሰፋ፣ በስተቀኝ ያሉት ቤቶች እንደሚነሱ፣ ይህንንም የሰፈሩ ልጅ ራሷ ቆጥራ እንዳረጋገጠች ተናገረ። "የሰፈሩ ልጅ" ሲል ደስ ብሎት ነበር። አቶ ቦጋለ ዞረው አዩኝ። በሰንበት ትምህርት ቤት ጥቅስ ያስጠኑኝ ሰው ናቸው። ከዚያ ወደ ፊት ተመለሱ።

ቁጥሩ የእኔ ነው፤ አልክድም። የካቲት ውስጥ ከቆጣሪዎቼ ጋር ፀሐይ ላይ ቆሜ የሰበሰብኩት ነው። የተቆጠረው ግን ከኩርባው በታች ብቻ ነው።

ኩርባውን ደግሞ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ለገና መጥተው ሳሉ፣ ተማሪ እያሉ በዚሁ መስመር የታክሲ ረዳት ሆነው በር ላይ ተንጠልጥለው እንዴት ይጮኹ እንደነበር ሲያጫውቱን እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ስቃለች። ሹፌሩ ከታች ሰልፉን ሲያይ እስከ ላይ መውጣቱን ይተውና ኩርባው ላይ "መጨረሻ ነው፣ ውረዱ" ያሰኝዎት ነበር። ዛሬም ያው ነው። ተሳፋሪው እስከ ላይ ከፍሎ ኩርባው ላይ ይጣላል። ታክሲው መንገዱን በቁመቱ ዘግቶ ይዞራል፤ ከኋላው የሚመጣው የጭነት መኪና ዳገት ላይ ይቆማል፤ ፍሪሲዮን ይቃጠላል፤ ሰልፉ ወርዶ ወርዶ እስከ ጎሚስታው ይደርሳል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያው ታክሲ ሌላ ሰው ጭኖ ተመልሶ ይመጣል፤ ቆጣሪዬም እንደገና ይቆጥረዋል።

ከኩርባው በላይስ? ባዶ ነው። በሥራ መግቢያ ሰዓት ሳይቀር ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ በግ ነጂዎች መሀሉን ይዘው ይሄዳሉ። ሊፈርሱ የተባሉት ቤቶች ያሉት እዚያ ባዶው መንገድ ላይ ነው። የእናትዎ የእማማ ሾዴ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ እኔ የተወለድኩበት ግቢ።

ሁለት የቆጠራ ቦታ ነበር ያቀድኩት፤ አንዱ ከኩርባው በታች፣ ሌላው በላይ። ሥራው ሊጀመር ሲል የላይኛው እንዲቀር ከናይሮቢ ቢሮ ታዟል ተባልኩ። ተከራከርኩ። አልሰሙኝም። ስለዚህ በሪፖርቴ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ፦ ከታች የተቆጠረው አብዛኛው ያው የሚመላለስ ታክሲ መሆኑን፣ ከኩርባው በላይ ያለውን መንገድ እንደማይወክል፣ መፍትሔውም ቤት ማፍረስ ሳይሆን ላይ መጨረሻው ድረስ ታክሲዎቹ እንዲሄዱ ማድረግና እዚያ መዞሪያ መሥራት መሆኑን። ሐሙስ ዕለት ቁጥሩ አለ፤ ስሜ አለ፤ ያ ገጽ የለም።

ጋሼ፣ እርስዎ የናይሮቢው ቢሮ ኃላፊ ነዎት፤ ሪፖርቱ የጸደቀው በእርስዎ በኩል ነው። ገጹን አስቀርተው ሪፖርቱን እንዳሳዩዎት አልጠራጠርም። ለእኔ የእናቴ የአክስት ልጅ ብቻ አይደሉም፤ ይህን ሙያ ያስመረጡኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። የላይኛውን ቆጠራ ያስቀረው ማነው?

በኢሜይል ከምትጽፊ በወረቀት አድርጊው ስላሉኝ ለአማን ሰጥቼዋለሁ። ለልብስ ንግዱ ማክሰኞ ወደ ናይሮቢ ይበራል።

እንግዲህ ሰላምታዬን ይቀበሉኝ። ጌታ እርስዎንም ባለቤትዎንም ልጆቹንም ይጠብቅልኝ።

ሚልካ


ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

በጌታ ለምወድሽ ልጄ ለሚልካ፣

የሰላም አምላክ ሰላሙን ያብዛልሽ። አንቺና እናትሽ፣ በቤታችሁ ያሉት ሁሉ ደህና ናችሁ ወይ? እኛ ስሙ ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ዝናቡ ገብቷል። መንገዱ ሁሉ ውሃ ተሞልቶ ከቢሮ ቤት ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብናል፤ ስለ መጨናነቅ ስትጽፊልኝ እኔም መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው ያነበብኩሽ።

ደብዳቤሽ የብርቱ ሰው ደብዳቤ ነው። እኔም በአንቺ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ። ነገር ግን ልጄ፣ ጥናት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ያሰላል፣ አንዱ ያሳጥራል። ረጅም ሪፖርት የሚያነብ ባለሥልጣን አላጋጠመኝም። ስምሽ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መጠራቱ ክብር ነው፤ እኔ እዚያ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። የላይኛው ቆጠራ የቀረው በበጀት ምክንያት ነው። በዚህ ራስሽን አታድክሚ።

የመጨረሻው ሪፖርት ሲመጣልሽ የቆጠራ ኃላፊ በሚለው ቦታ ላይ ፈርሚ። እንዳይዘገይ።

ሌላው፣ እማዬን እያየሽልኝ ነው? ጉልበቷ እንዴት ሆነ? ዕቃ የሚያነሳላት ካስፈለገ የሰፈሩን ጎረምሶች አስተባብሪልኝ፤ እሷ አንዴ እምቢ ካለች እንደማትመለስ ታውቂያለሽ።

ጌታ ማስተዋልን ይጨምርልሽ።

ጀቤሳ


ጉለሌ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ጀቤሳ፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰዎት። እግዚአብሔር ከዝናቡም ከመንገዱም ይጠብቅዎት።

ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ማነው ብዬ ነበር የጠየቅኩዎት፤ በምን ምክንያት አላልኩም። ቆጣሪዎቹ ያው ቆጣሪዎች ነበሩ፤ ለላይኛው የተመደቡት ሥራ ፈትተው ጎሚስታው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነው የከረሙት። ምን በጀት እንደተቆጠበ አላውቅም።

ክብር ስላሉት ልንገርዎት። እሁድ ዝማሬ ላይ ከአጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ሆነ። መዘምራኑ ለሦስት ሰው በሚበቃ አግዳሚ ላይ አምስት ሆነው ተጨናንቀው ተቀመጡ እንጂ ወደ እኔ የተጠጋ የለም። ከጸሎት በኋላ በረንዳው ላይ አንዲት ሴትዮ፣ የልጅነት ጓደኛዬ እናት፣ ሰው እየሰማ "የእኛን ቤት ስንት መኪና ብለሽ ቆጠርሽው?" አለችኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ብስቅ ይሻል ነበር፤ አልቻልኩም። አፌን ከፍቼ ስለ ኩርባው ማስረዳት ስጀምር ሰዉ ጃንጥላውን እያነሳ ተበተነ። ሌሊሳ ብቻ ቀረ። የመዘምራኑ መሪ ነው፤ ያውቁታል፣ ረጅሙ። "እንግዲህ ለእኔ አስረጂኝ" ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሲገባው ግን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ታዲያ ይሄን ሁሉ የምታውቂ ከሆነ ስምሽ እዚያ ምን ይሠራል?"

ይርጋለም ቢሮ ገባሁ። ገጼን ያወጣው ማን እንደሆነ እንዲነግረኝ ለመንኩት፤ ከዚያ መለመኑን ተውኩ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ "እኔን አትጨቅጭቂኝ፤ ዘመድሽን ጠይቂ" አለኝ። ከዚያ እንደደነገጠ ሰው ዞሮ፣ ማለቴ የናይሮቢን ቢሮ ማለቴ ነው አለ።

ስለዚህ እየጠየቅኩዎት ነው። እርስዎ ነዎት?

እማማ ሾዴ ጉልበቷ ያው ነው። የምን ዕቃ እንደሚነሳላት ግን አልገባኝም። ቤቷ ይፍረስ አይፍረስ ገና አልተወሰነም። ወይስ ተወስኗል?

ሚልካ


ናይሮቢ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሚልካ፣

የጌታ ጸጋ ካንቺ ጋር ይሁን። መልሴ ስለዘገየ አዝናለሁ። ለሥራ ሞምባሳ ነበርኩ፤ አማንም ሁለት ጊዜ መጥቶ ሳያገኘኝ ተመልሷል።

ስለ ሰፈሩ ሰው አትጨነቂ። ሰው ይረሳል። ሰፊ መንገድ ሲያይ ደግሞ ቶሎ ይረሳል።

አንድ ነገር ልጻፍልሽ፤ ለማንም ጽፌው አላውቅም። አባቴ ጉታ የት እንደሞተ ታውቂያለሽ። ሆስፒታል ነው ተብለሻል፤ አይደለም። የሞተው እዚያ ዳገት ላይ፣ በጎረቤት ላዳ ውስጥ፣ ጭንቅላቱን እኔ ጭን ላይ አድርጎ ነው። ከፊታችን የጭነት መኪና ቆሟል፤ ከኋላችን ሰልፍ ነው፤ ሹፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ያለቅሳል። መንገዱ እንደ ጉሮሮ ጠባብ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን መንገድ ሰፍቶ ሳላይ መሞት አልፈልግም። አሁን አጋጣሚው መጥቷል። ብዙ ጊዜ አይመጣም።

ጥናቱ የመንገዱን መስፋት ካልደገፈ የንድፉ ሥራ ለሌላ ድርጅት ይሄዳል፤ ያኔ የአንቺም የሌሎቹም እንጀራ ይቆማል። ከደገፈ ግን እዚህ ናይሮቢ አንድ የትራፊክ መሐንዲስ ቦታ ይከፈታል። ስምሽን ራሴ አስገብቻለሁ። እናትሽን ሳታማክሪ እምቢ እንዳትዪ።

ሪፖርቱ ከሰኔ አጋማሽ አያልፍም። ፈርሚና ለይርጋለም ስጪው። እማዬን ደግሞ አሳምኚልኝ፤ የእኔን ቃል ትታ የአንቺን ትሰማለች። ያ ደረጃ አንድ ቀን ይጥላታል። እኔ ጋ ትምጣ።

ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ጀቤሳ


ጉለሌ፣ ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ጀቤሳ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ስለ አባትዎ የጻፉትን ሳነብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አላውቅም ነበር። እርስዎን ስቆጣ የሰነበትኩበት አንጀቴ ለአንድ ሌሊት ለሰለሰ፤ ጠዋት ላይ ልፈርም ነው እንዴ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

ከዚያ እናትዎን ለማሳመን ሄድኩ። እንደታዘዝኩት።

እማማ ሾዴ በሯ ላይ፣ ወንበሯን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀምጣ ነበር። እጽዋት ማዕከሉ ችግኝ ጣቢያ ትሠራ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ያልተዋት ልማድ አለ፤ በቲማቲም ድልህ ጣሳ ያፈላቻቸው የጽድና የወይራ ችግኞች በደረጃው ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። በግ ሲያልፍ ዱላዋን እያነሳች ታባርራለች። ከበጎቹ ሌላ የሚያልፍ አልነበረም። ውስጥ ገብቼ ውሃ ላመጣላት ቡፌውን ስከፍት ባዶ ነው። ያ የሰርጓ ሳህን፣ ዳሩ ሰማያዊ የሆነው፣ ልጆች እንዳንነካው የምንገረፍበት፣ አንድም የለም። ሌባ ገብቶባት ይሆን ብዬ ደነገጥኩ።

"ሳህኖቹስ እማማ?" አልኳት።

"ጀቤሳ ወሰዳቸው" አለችኝ። "ለገና ሲመጣ ጭኖ ኢፍቱ ቤት አደረሳቸው። መንገድ ሊመጣ ነው እማዬ፣ ኋላ በጥድፊያ ይሰበሩብሻል አለኝ። እኔ የምን መንገድ ነው፣ መንገዱማ ይኸው ብለው እንደ ልጅ ሳቀብኝ።"

ለገና፣ ጋሼ። ቆጠራው የተጀመረው የካቲት ነው። እኔ ቆጣሪዎቼን ሳልቀጥር፣ አንድ መኪና ሳይቆጠር፣ የእናትዎ ሳህን በጋዜጣ ተጠቅልሎ እህትዎ ቤት ገብቷል። ያን ዕለት ማታ ነው እኛ ቤት ራት ተጋብዘው የታክሲ ረዳትነትዎን ያጫወቱን። "መጨረሻ ነው፣ ውረዱ" እያሉ በድሮ ድምፅዎ ሲጮኹ እኔ አጠገብዎ ነበርኩ። ኩርባውን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ መሐንዲስ የለም። ከላይ ቢቆጠር ምን እንደሚገኝ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ እንዳይቆጠር አደረጉ። ጥያቄዬን ሁለት ጊዜ የዘለሉትም ለዚህ ነው። ሦስተኛ አልጠይቅም።

ስለ አባትዎ ግን ዝም ብዬ አላልፍም፤ ዝም ማለት ንቀት ይመስለኛል። ከፊታችሁ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር አሉ። ለምን ቆመ? ዳገት ላይ በፈቃዱ የሚቆም የጭነት መኪና የለም። ከፊቱ አንድ ታክሲ እየዞረ ነበር፤ ይህን እኔ ልንገርዎት አይገባም። መንገዱ ቢሰፋ ታክሲው በሰፊው ይዞራል፤ ከኋላው አንድ ሰልፍ የነበረው ሁለት ሰልፍ ይሆናል። አባትዎን ያነቀው የእናትዎ ቤት አይደለም። ቤቷ ያለው እሳቸው ካረፉበት በላይ፣ ማንም በማይቆምበት ቦታ ነው።

የናይሮቢውን ሥራ አልፈልግም። እናቴንም አማክሬያለሁ፤ ምን እንዳለች ብጽፍልዎ ያፍራሉ።

አልፈርምም። ግን አንድ ዕድል ልስጥዎት፤ የሰጠሁት ለእርስዎ ሳይሆን ሙያ ላስመረጠኝ ሰው ነው። ያወጡትን ገጽ በገዛ እጅዎ ይመልሱት። የላይኛው ቆጠራ እንዲሠራ ይዘዙ። ማንም ምንም አይሰማም፤ እኔም ይህን ሁሉ እተወዋለሁ። ካልሆነ መንገዱን ለሰው አሳያለሁ። መንገዱ የእርስዎም የእኔም ፊርማ አያስፈልገውም።

ሚልካ


ናይሮቢ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚልካ፣

ጌታ ይባርክሽ።

እማዬን ለምን ነገር ውስጥ ታስገቢያታለሽ? የሳህኑን ነገር አንቺ እንዳሰብሽው አይደለም፤ አሁን ላስረዳ ጊዜ የለኝም። አንቺ ባትፈርሚ ሌላ ሰው ይፈርማል፤ ይህ ቀላል ነው። ሙያችን ትንሽ ናት፤ ሁሉም ይተዋወቃል። ስምሽን ገና ሳይበስል እንዳታቃጥዪው እንደ አባት እመክርሻለሁ።

ደብዳቤዎቼን አትያዣቸው።

ጀቤሳ


ጉለሌ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢንጂነር ጀቤሳ ጉታ፣

ይህን ደብዳቤ ለአማን አልሰጠሁትም። በቢሮ ኢሜይልዎ ነው የላክሁት፤ ለይርጋለምና መንገዱን ለሚያሠራው መሥሪያ ቤትም ደርሷል። የቀደሙት ደብዳቤዎችም፣ የእርስዎም ቅጂ ያስቀረሁባቸው የእኔም፣ አብረው አሉ። ስለ አባትዎ የጻፉትን ብቻ በጥቁር ሸፍኜዋለሁ፤ እሱ የእርስዎ ነው።

ረቡዕ የሆነውን ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ።

ሌሊሳ እህቱን ግንቦት ላይ ድሮ ነበር። ከአዳራሹ ማስጌጫ የተረፈ ነጭ ሪባን በጥቅል በጥቅል ቤታቸው ተቀምጧል። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ሪባኑና ድፍረቱ የእሱ ነው። ሲነጋጋ ከመዘምራኑ ጋር ጎሚስታው ፊት ቆምን። ወደ ላይ የሚወጣ ሚኒባስ ሁሉ ሰልፉ ላይ ሲቆም እየሮጥን ስፖኪዮው ላይ ነጭ ሪባን እናስራለን። ሪባን ያለውን አንነካም። በቃ፣ ይኸው ነው ሥራው። አንዳንዱ ሹፌር ምንድነው ብሎ ቆጣ ሊል ይልና መዘምራኑን ሲያይ ይተወዋል። ረዳቶቹ ግን ወደዱት። የሰርግ ጥሩምባ እየነፉ ማለፍ ጀመሩ። አንዱ በር ላይ ተንጠልጥሎ "ሙሽራዋ የታለች?" ብሎ ጮኸ።

ሌሊሳ ቀና ብሎ "ላይ ቤቷ ናት፤ እናንተ እስከዚያ አትደርሱም እንጂ" አለው። ሙሉ ታክሲ ተሳፋሪ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ፤ ኩርባው ላይ ሲደርስ ግን ያው ሁሉንም አወረዳቸው።

መጀመሪያ ላይ እጃችን አልበቃ ብሎ ነበር። ቆይቶ ማሰሩ ቀዘቀዘ። ከዚያ ሌሊሳ የሪባኑን ጥቅል በእጁ ይዞ ሥራ እንዳጣ ሰው ቆመ። ሰልፉ እንደ ወትሮው እስከ ጎሚስታው ደርሷል፤ ጥሩምባው ያደነቁራል፤ የሚመጣው ታክሲ ግን ሁሉም ነጭ አስሯል። አንዱን ረዳት ስንተኛ ዙርህ ነው ብለው ጣቱን እያጠፈ መቁጠር ጀምሮ ግራ ገባውና ተወው። አንዳንዱ ሪባን በአቧራና በጭስ ጠቁሮ ጨርቅ መስሏል። ከሸጎሌ በጎቿን ይዛ የቆመች ነጋዴ ሳትቀር "ይሄማ ያው ቅድም ያለፈው ነው" አለች። የሰፈሩ ሰው በሩ ላይ ወጥቶ ያይ ነበር። ባለፈው ስንት መኪና ብለሽ ቆጠርሽን ያለችኝ ሴትዮ አጠገቤ መጥታ ብዙ ቆመች። ይቅርታ አላለችም። አንድ ጥቅል ከእጄ ወስዳ ማሰር ጀመረች።

ኢንጂነር ሙኒያን የጋበዝኳት በግልጽ ነው፤ ስልክ ደውዬ። ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም። መጣች። ጎሚስታው ጋ ቆማ ነጭ ሪባኖቹ ሲያልፉና ሲመለሱ አየች። ከዚያ ኩርባውን አልፋ ብቻዋን ወደ ላይ ወጣች፤ እኔ ከኋላ ራቅ ብዬ ተከተልኳት። ጥሩምባው ከኋላችን ቀረ። መንገዱ መሀል፣ በካርታው ላይ ቀይ በተቀባው ቦታ ላይ ቆመች። ግራ አየች፤ ቀኝ አየች። ኳስ የያዘ አንድ ልጅ ጫማዋን እያየ "እትዬ፣ ጎሉ ላይ ቆመዋል" አላት። ሁለት ድንጋዮች ናቸው። ይቅርታ ብላ ወደ ዳር ወጣች።

እዚያው ዳር ቆማ ለይርጋለም ደወለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ ቦታ ላይ የተቆጠረው የት አለ? እሱ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ብዙ ተናገረ። ስትጨርስ ሪፖርቱ እንደሚመለስና የላይኛው ሳይቆጠር እንደማትቀበለው ነገረችኝ። ከዚያ በላይ ቃል አልገባችልኝም፤ እኔም ለሰፈሩ ሰው ከዚህ በላይ አላወራሁም። ቤቶቹ ተረፉ ብዬ አልጻፍኩም። ገና አልተረፉም።

ይርጋለም በዚያው ቀን ከሰዓት ቁልፌን ተቀበለኝ። ኮምፒውተሬን ሲወስድ ዓይኔን አላየም። የቢሮው ተላላኪ ብቻ እስከ በሩ ሸኝቶኛል። እናም ሙያችን ትንሽ ናት ያሉት እውነት ነው፤ አርብ ዕለት ሁለት ሰዎች ስልኬን አላነሱም። ይቻላል። አሁን ጠዋት ጠዋት በራሴ ወንበር፣ ከእናትዎ ወንበር አጠገብ ተቀምጬ የላይኛውን መንገድ እቆጥራለሁ። አንዳንዴ ከመኪናው በጉ ይበልጣል። ዛሬ ዝማሬ ላይ አግዳሚው ሞልቶ ነበር፤ አቶ ቦጋለ በሩ ላይ እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም፤ ከዚያ ስለ ችግኝ ጠየቁኝ።

እማማ ሾዴ መልእክት አላት። ስጽፍላት ቆማ ነው የምትነግረኝ። "ሳህኖቼን ይመልስልኝ። እሱ ከመጣ አበላበታለሁ፤ ካልመጣም እንግዳ አላጣም።" ኢፍቱ ጋ ደውዬ ነግሬያታለሁ፤ ቅዳሜ በኮንትራት ታክሲ ታመጣቸዋለች። እስከ ላይ እንዲያደርሳት ከሹፌሩ ጋር ከወዲሁ ተነጋግሪ ብያታለሁ።

ከእንግዲህ የማልቀበለውን ልጻፍልዎትና ላብቃ። ባዶ መንገድ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ከሥሩ ስሜ እንዲጻፍ አልቀበልም፤ ማንም ቢቀባው፣ የት ሀገር ሆኖ ቢቀባው። ሳይቆጠር የተወሰነን ነገር ቆጥሬ እንዳጸድቅ መላክን አልቀበልም። እንደ አባት እመክርሻለሁ የሚል ማስፈራሪያ አልቀበልም፤ አባቴ በሕይወት አለ፤ እሱ አስፈራርቶኝ አያውቅም። በሰው ኪስ ተደብቆ የሚሄድ ወረቀት ከእኔ አይመጣም፤ ወደ እኔም አይምጣ። መጻፍ ከፈለጉ በግልጽ ይጻፉልኝ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይም መልሱ ይኑር። እኔ ነኝ ይበሉ፣ ወይም አይደለሁም ይበሉ። ጥያቄዬን ዘሎ የሚባርከኝን ቡራኬ ከእንግዲህ አልቀበልም።

ሚልካ